«አርጅቷል» ከማለታችን በፊት



በእረፍት ማጀቴ ሳለን ለሐጅ የሚዘጋጁ አንዲት እናት የጠዋፍና የሰዕይን አካሄድ አስቀድመው እንዲያዩ ብለን፣ በቤታቸው ኮምፒውተር ላይ አንድ የምናባዊ ዓለም ፕሮግራም ጫንን። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ፕሮግራሙም ተዘጋ። «ኮምፒውተሩ አርጅቷል» ብለን ተነሳን። እሳቸውም «ይሁን ልጆቼ» አሉን።

ያ «ይሁን» እንቅልፍ ነሳን። በማግስቱ ተመልሰን ስናይ የጎደለው የግራፊክስ ድራይቨር ብቻ ነበር። እሱን ጫንን፤ የዕይታ ርቀቱን አሳጠርን፤ ጥላዎቹን አጠፋን። ተከፈተ።

ሐሳባችን ይህ ነው፦ ፍተሻ ቅደም ተከተል አለው። አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ውጤቱን ማየት ይገባል፤ ሁሉን ባንዴ የነካካ መፍትሔው የትኛው እንደነበር አያውቅም። ካሽ ማጽዳትም ለመጨረሻ ይቆይ፤ የወረደው ሁሉ እንደገና ስለሚወርድ የቤተሰብን የሞባይል ዳታ ይጨርሳል።

«ይህ ጨዋታ ነው» የሚሉን ይኖራሉ። በስክሪን ላይ መዞር ሐጅ እንደማይሆን እናውቃለን። ለመማሪያነት ግን አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ኢስላም ኦንላይን በሴኮንድ ላይፍ ውስጥ የሐጅ ሥርዓት ማስተማሪያ አዘጋጅቶ ነበር።

ቤተሰብ ዩኒቨርሲቲ ልኮናል፤ የምንለውን ያምነናል። ሳይፈትሹ «አይሆንም» ማለት ያንን አማና ማጉደል ነው። በመጪው እረፍት አገር ቤት ስንገባ፣ ከመፍረዳችን በፊት እንፈትሽ፤ ያወቅነውንም ለታናናሾቻችን እናሳይ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።