ያልፈላ ቡና

በአገራችን ቡና ያለ እሳት አይታሰብም። በምጣድ ይቈላል፤ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ በጀበና ይፈላል፤ ከዚያም አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ ይቀዳል። ስለዚህ «ቡና ሳይፈላ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘጋጃል» ብንል ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶቹ ቀልድ ይመስላቸው ይሆናል። ቀልድ ግን አይደለም። ይህ ቡና በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚዘጋጅና ስለ ምን ነገር መጠንቀቅ እንደሚገባ ዛሬ በዚህ ዓምድ እናስረዳለን።

ይህን ሙያ የተማርነው በድሬዳዋ ነው። በዚያች ከተማ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ይበረታል። በጠባብ ቤት ውስጥ ከሰል አያይዞ ቡና ማፍላት ለሚያፈላውም ለሚጠጣውም ድካም ነው። አንድ ወዳጃችን ችግራችንን አይቶ ፍሬንች ፕሬስ የሚባለውን የቡና ዕቃ በስጦታ አመጣልን። ዕቃው ረዥም የብርጭቆ ማንቆርቆሪያ ይመስላል። በክዳኑ መካከል ዘንግ ያልፋል፤ በዘንጉም ጫፍ ክብ የብረት ወንፊት ተያይዟል። ዘንጉ ወደ ታች ሲገፋ ወንፊቱ ዝቃጩን ከሥር ይዞ ያስቀራል፤ የጠራው ቡና ከላይ ይሆናል።

ስሙ የፈረንሣይ ይሁን እንጂ ታሪኩ የሁለት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1852 ማየርና ዴልፎርዥ የተባሉ ሁለት ፈረንሣውያን እንዲህ ላለው ዕቃ የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። በ1929 ካሊማኒና ሞኔታ የተባሉ ጣሊያናውያን የተሻለውን አስመዘገቡ። በ1958 ደግሞ ቦንዳኒኒ የተባለ ሰው ይበልጥ አሻሻለው፤ የእርሱም ዕቃ በፈረንሣይ አገር በብዛት ተሠራ። ሁሉም ያሰቡት ስለ ሙቅ ውሃ ነበር። ነገር ግን ዕቃው መዘፍዘፊያም ማጥለያም ስለ ሆነ ለቀዝቃዛው ቡና ተስማሚ ሆኖ ተገኘ።

የመጀመሪያው ሙከራችን አልተሳካም። ለጀበና እንደ ለመድነው ቡናውን አልመን ወቀጥነው፤ ውሃ ጨመርንበት፤ አሳደርነውም። ጧት ዘንጉን ስንገፋ አልሄድ አለ። ወደ መሥሪያ ቤት ለመድረስ ቸኵለን ስለ ነበር በኀይል ገፋነው። ቡናው ሽቅብ ፈንድቶ ጠረጴዛውንም ልብሳችንንም አለበሰው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ስለ እኛ የተነገረ መሰለን። በዕቃው የተረፈውም ቢሆን ጭቃ የመሰለ፣ እጅግ የመረረ ነበር።

ስሕተቱ ከአወቃቀጡ ነበር። የጀበና ቡና ሲደቅ መልካም ነው፤ አተላው በጀበናው ሥር ይዘቅጣልና። በወንፊት የሚጠለል ቡና ግን እንደ ደቃቅ ቅንጬ ሸካራ መሆን አለበት። የላመው ዱቄት የወንፊቱን ቀዳዳ ይደፍናል፤ በውሃም ውስጥ ብዙ ሰዓት ሲቈይ ምሬቱን ያወጣል። በሙቀጫ የሚወቅጥ ሰው ዘነዘናውን እያሳረፈ ይውቀጥ፤ ከዚያም ቡናውን በወንፊት ይንፋው። የወረደውን ብናኝ አይጣለው፤ ለጀበናው ያስቀምጠው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። 1 ሊትር በሚይዝ ዕቃ ውስጥ 100 ግራም ሸካራ ቡና ጨምሩ። በላዩ 800 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ፤ ደረቅ ሆኖ የሚቀር እንዳይኖር በእንጨት ማንኪያ አማስሉት። ሚዛን የሌለው ሰው በ1 ብርጭቆ ቡና 3 ብርጭቆ ውሃ ቢሰፍር ለዚህ ልክ ይቀርባል። ዘንጉን ወደ ላይ እንደ ተሳበ ትታችሁ ክደኑት። ማታ በ1 ሰዓት የተዘፈዘፈ ቡና ጧት በ1 ሰዓት ይደርሳል፤ ይኸውም 12 ሰዓት ማለት ነው። በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚያድር ከሆነ እስከ 18 ሰዓት ቢቈይ ይሻላል፤ ብርድ ሥራውን ያዘገየዋልና።

ሲደርስ ዘንጉን በዝግታ ግፉት። እንቢ ካለ አታስገድዱት፤ ጥቂት ወደ ላይ ስባችሁ እንደ ገና ሞክሩ። ከዚያም ሁሉንም ወዲያው ወደ ንጹሕ ጠርሙስ ገልብጡ፤ በዝቃጩ ላይ የቈየ ቡና መምረሩን ይቀጥላልና። ቡናው ከውሃው ጥቂት መጥጦ ስለሚያስቀር የምታገኙት 600 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ይህ ወፍራም ስለ ሆነ በእኩሌታ ውሃ ወይም በበረዶ ቀጥኖ ይጠጣል። ሳይቀጥን የጠጣ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ቢያጣ አይደነቅ። በማቀዝቀዣ ቢቀመጥ እስከ አንድ ሳምንት ይጠጣል።

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው ስለ ውሃው ነው። ጀበና ውሃውን ስለሚያፈላው በውስጡ ያለውን ተሐዋስያን እሳቱ ያጠፋዋል። እዚህ ግን እሳት የለም። ስለዚህ ውሃው የማያስተማምን ከሆነ አስቀድሞ ፈልቶና ተከድኖ ይቀዝቅዝ። ዕቃውም፣ ወንፊቱም፣ ጠርሙሱም በፈላ ውሃ ይለቅለቁ። ይህን ችላ ያለ ሰው የሆድ ሕመም ቢይዘው ቡናውን አይውቀስ።

ቀዝቃዛ ቡና ለጨጓራ ይስማማል እየተባለ ብዙ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ አገር በፊላደልፊያ ከተማ ያሉ ሁለት ሴቶች ተመራማሪዎች፣ ራኦና ፉለር፣ ሙቁንና ቀዝቃዛውን ቡና አመዛዝነው ነበር። የአሲድነታቸው መለኪያ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም ከ4.85 እስከ 5.13 ነበሩ። ይሁን እንጂ በሙቁ ቡና ውስጥ ያለው ጠቅላላ የአሲድ መጠን በለጠ። ስለዚህ ቀዝቃዛው ለምላስ የለዘበ ነው ማለት ይቻላል፤ የጨጓራ መድኃኒት ነው ማለት ግን አይገባም።

አሁን ስለ ሌላ ጥንቃቄ እንናገር። ሙያው ከሠመረልን በኋላ እጅግ ደስ አለን። ማታ እንዘፈዝፋለን፤ ጧት በብርጭቆ ቀድተን ቆመን እንጠጣለን፤ ወደ ሥራችን እንሄዳለን። ከሰል አልተገዛም፤ ጀበናውም ከመደርደሪያው አልወረደም። በአራተኛው ቀን ጎረቤታችን የሆኑት አሮጊት በራችን ላይ ቆሙ። «ልጆቼ፣ ምን አጠፋሁ?» አሉ። «ጀበናችሁ ስለ ምን ዝም አለ?» የቈላነው ቡና ሽታ፣ የሙቀጫችን ድምፅ፣ «እማማ፣ ቡና ይምጡ» የሚለው ጥሪ፣ ይህ ሁሉ ከቀረባቸው ሦስት ቀን ሆኖ ነበር። እኛ የቈጠብነው ከሰል መስሎን ነበር፤ ለካስ የቈጠብነው ሰው ኖሯል።

ወዲያው አስገብተን አስቀመጥናቸው። ፈንዲሻ ቀረበ፤ ከቀዝቃዛውም ቡና በስኒ ቀዳንላቸው። ቀመሱት፤ ስኒውን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያም «ይህ ቡና ጉንፋን ይዞታል» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ሆኖም ቀኑ ሞቃት ስለ ነበር ሁለተኛውን ስኒ እንቢ አላሉም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የቤታችን ደንብ እንዲህ ሆነ። በሥራ ቀን ጧትና ሙቀት በጸና ጊዜ የተዘፈዘፈው ቡና ይጠጣል፤ እርሱም ባል ቢሆን ከመተኛቱ በፊት ሊያዘጋጀው የሚችል ቀላል ሥራ ነው። ፀሐይ ሲበርድ ግን ጀበናው ይጣዳል፤ እማማም ይጠራሉ። ከሰል የጠፋ ወይም እንግዳ በቀትር የመጣ እንደ ሆነ ቀዝቃዛውን አቅርበን እንጠራቸዋለን እንጂ ዝም አንልም።

ቡና ያለ እሳት ሊዘጋጅ እንደሚችል አይተናል። ያለ ጎረቤት ግን ቡናችን ጎደሎ ነው። ስለዚህ ይህን ሙያ የሚሞክሩ አንባቢዎቻችን ውሃውን አፍልተው እንዲያቀዝቅዙ፣ ቡናውን እንዳያልሙ፣ ዘንጉንም በትዕግሥት እንዲገፉ እንመክራለን። ከማንቆርቆሪያው አጠገብም ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ስኒ ያኑሩ።