ስሙን ለውጠን ሰውየውን ስናጋልጥ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ለመመረቂያ ጽሑፍ ወይም ለመሥሪያ ቤት ጥናት ወደ አንድ ወረዳ ወርዳችሁ ሰው አነጋግራችኋል፤ ያላነጋገራችሁም ነገ ታነጋግራላችሁ። ደብተሩ ሲገለጥ መጀመሪያ የምትሉት «ስምዎን አልጠቅስም» ነው። ተናጋሪውም ይህን ቃል አምኖ ለንስሐ አባቱ እንደሚናገር ያህል የሆዱን ያወጣላችኋል።

ኋላ ጽሑፉ ሲዘጋጅ ስሙ ይለወጣል። ነገር ግን በዚያው ገጽ ስለ አንዲት ሴት «በከተማዋ ካሉት ሁለት ወፍጮ ቤቶች የአንዱ ባለቤት፤ ባሏ የሞተባት፤ የስድስት ልጆች እናት» ተብሎ ተጽፎ እንደ ሆነ፤ የስሙ መለወጥ ምን ጠቀመ? አዲስ አበባ ያለው መምህር ሴትዮዋን በእውነተኛ ስሟ ብትጠሩለትም አያውቃትም። የሚያውቃት ጎረቤቷ ነው፤ እርሷም የምትፈራው እርሱን ነው።

ይህ ነገር ከዚህ በፊት በሌላ አገር ብዙ ክርክር አስነሥቷል። የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ግዛት አንዲት የገጠር ከተማ ሲያስጠና፤ በሚታተመው ጽሑፍ ማንም ሰው ተለይቶ እንደማይታወቅ ለነዋሪዎቹ ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ከጥናቱ ሠራተኞች አንዱ አርተር ቪዲች እዚያው ከሁለት ዓመት በላይ ኖረ፤ በ1958ም ከጆሴፍ ቤንስማን ጋር ሆኖ መጽሐፍ አወጣ። ከተማዋን «ስፕሪንግዴል» አሏት፤ ለሰዎቹም የፈጠራ ስም ሰጧቸው። (እውነተኛ ስሟን ዛሬ ማግኘት ቀላል ነው፤ እኔ ግን እዚህ መድገሙን አልወደድሁም።)

መጽሐፉ የከተማዋን ጉዳይ ከመጋረጃ በስተጀርባ ሆነው ስለሚመሩ ጥቂት ሰዎች ይተርካል። ጥቂት ሺህ ሰው በሚኖርባት ከተማ እነዚህ ጥቂቶች እነማን እንደ ሆኑ ማን ይስታል? ነዋሪዎቹም በነጻነት በዓላቸው ሰልፍ ላይ መለሱ። የመጽሐፉን ሽፋን በትልቁ ሥለው አስቀደሙ። ከኋላው ሰዎች ጭንብል አጥልቀው፤ መጽሐፉ የሰጣቸው ስም በተለጠፈባቸው መኪኖች ተቀምጠው አለፉ። በመጨረሻ ፍግ የሞላበት የእርሻ ጋሪ መጣ፤ በፍጉም ላይ ያጎነበሰ የደራሲው ምስል ነበረ።

ደራሲዎቹ መሪዎችን ሳያነሡ ስለ አንዲት ከተማ ሥልጣን መጻፍ አይቻልም አሉ። እውነት ነው፤ አይቻልም። እንግዲያው ያ ቃል መሰጠት አልነበረበትም፤ ከተሰጠ በኋላ ግን ዕዳ ነው።

ምን ይደረግ ብትሉ፤ ከስሙ ይልቅ ምልክቱን ፈልጉ። ለክርክራችሁ የማያስፈልገውን ሁሉ፤ የልጆቹን ቁጥር፤ የትውልድ ቀበሌውን፤ የእግሩን ማንከስ አውጡት። መለወጥ ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ ባሏ የሞተባትን ባለትዳር ብትሉ ስለ ውርስ የጻፋችሁት ሁሉ ሐሰት ይሆናል። አንዳንዱንም ሰው ከነስሙ መጠቀስ ደስ ይለዋልና ስሙ ሳይጠየቅ አይሸሸግ።

ከሁሉ የሚከፋው የመሥሪያ ቤት ጥናት ነው። መዝገብ ቤት ያለው ጸሐፊ አንድ ብቻ ሆኖ ሳለ «አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለ አለቃው እንዲህ አለ» ብሎ መጻፍ ከስም መጥራት በምን ይለያል? አለቃው ሥራዬ ብሎ መርማሪ አያቆምም፤ የአነጋገሩን ለዛ ብቻ አይቶ ያውቀዋል። የሰውየው እድገት የሚቀረውም በዚያው ዓመት ነው። እንዲህ ያለውን ቃል ለባለቤቱ አስነብባችሁ ፈቃዱን ጠይቁ፤ ካልፈቀደ፤ ምንም ያህል ቢያምር ከጽሑፉ ይውጣ።

የእውነተኛ ስሞቹንም ዝርዝር ከማስታወሻ ደብተሩ ጋር በአንድ ቦርሳ አትያዙ። ድምፁን በስልክ ቀድታችሁ እንደ ሆነ ስልኩን ለጓደኛ ከማዋሳችሁ በፊት አጥፉት፤ ድምፅ ስም ቢለወጥለትም ይታወቃልና።