የመስክ ትምህርት ለሥነ ምድር ባለሙያዎች ብቃት ያለው ፋይዳ

የሥነ ምድር ትምህርት ዋናው ቤተ ሙከራ ተራራውና ሸለቆው ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍሉ ያፈራቸው ባለሙያዎች ያስመዘገቡት ውጤትም ከክፍል ትምህርቱ ባልተናነሰ በመስክ ልምምድ ላይ የተመሠረተ ነው።

በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል የሚገኘውና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው የዓባይ ሸለቆ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። መዶሻና ኮምፓስ ይዞ ቁልቁል የሚወርድ ተማሪ ከላይ ከእሳተ ገሞራ የተገኘውን ባዛልት፣ ዝቅ ሲል ባሕር በነበረበት ዘመን የተጠራቀመውን የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎም ጂፕሰምና አሸዋማ ድንጋይ በየተራ ያገኛል። በዚያው መንገድ ላይ የዝናብ ውኃ ሲሰርግ ተዳፋቱ እንዴት እንደሚንሸራተትና አስፋልቱን እንደሚጎዳም በዓይኑ ያያል።

ከዚህ የትምህርት ክፍል በ1982 ዓ.ም የተመረቁት ፕሮፌሰር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመሩት ቡድን በ1993 ዓ.ም በአፋር ክልል ዲኪካ የ3 ነጥብ 3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላትን የ"ሰላም"ን ቅሪተ አካል ማግኘቱ ይታወሳል። ቅሪተ አካሉን ማግኘትም ሆነ ዕድሜውን ማወቅ የሚቻለው የአካባቢውን የደለልና የአመድ ንጣፎች በቅደም ተከተል ማንበብ ሲቻል ነው።

በመስከረም 1998 ዓ.ም በዚያው ክልል በዳባሁ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የመሬት ክፍል እስከ 8 ሜትር ሲሰነጠቅ፣ ፕሮፌሰር ገዛኸኝ ይርጉና ፕሮፌሰር አታላይ አየለ ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ክስተቱን አጥንተው ውጤቱን ለዓለም አሳውቀዋል። የስንጥቁን ስፋት የለካው ሳተላይት ቢሆንም፣ መሬቱ ላይ የታየውን መርምሮ ምንነቱን ማረጋገጥ የተቻለው ግን በስፍራው በተገኘ ባለሙያ ነው።

የጉዳዩ ክብደት ከምርምር ያልፋል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከእነዚህም መካከል ቀድሞ የተናደው አፈር የቀበራቸውን ወገኖቻቸውን ለማውጣት ተሰባስበው ሳለ ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ይገኙበታል። አንድ ጊዜ የተናደ ተዳፋት ዳግም ሊናድ እንደሚችል ማወቅ፣ ስንጥቁንና አዲስ የሚፈልቀውን ምንጭ አይቶ ሕዝብን በጊዜ ማስጠንቀቅ የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል። በ2017 ዓ.ም በፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥና ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም የፈነዳው የኃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራም ፍላጎቱ ቀጣይ መሆኑን አመልክተዋል።

የመስክ ትምህርት ግን ተሽከርካሪ፣ ነዳጅ፣ የውሎ አበልና የአካባቢ ጸጥታ ይጠይቃል። በጀት ሲጠብ በቅድሚያ ለመቀነስ የሚቀለውም እርሱ ነው። ሆኖም አሥር ቀን የታሰበ ጉዞ ወደ ሦስት ቀን ሲያጥር ተማሪው ካርታ መሥራቱን ትቶ የተሠራ ካርታ ለማየት ብቻ ይገደዳል። በዚህ መልክ የሚቆጠበው ገንዘብ ኋላ ላይ በሚናድ መንገድ፣ ውኃ በማይገኝበት ጉድጓድና ባልተሰጠ ማስጠንቀቂያ በእጥፍ ይከፈላል።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሉ ስኬት በተመራቂዎች ቁጥር ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ተመራቂ በመስክ ባሳለፋቸው ቀናትም ሊለካ ይገባል።