የልጆቻችንን እሑድ ማን ወሰደው?



በብዙዎቻችን ቤት ቅዳሜና እሑድ የሚያልፈው እንዲህ ነው። ልጆች ጠዋት መድረሳ ይሄዳሉ፤ አልሐምዱሊላህ። ከዙህር በኋላ እናት ከልብስ አጠባና ከጓዳ ጋር ትታገላለች። አባት ምሳውን በልቶ ጫቱን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ጓደኞቹ ይወጣል፤ የማይቅመውም ከሱቁ ወይም ከሻይ ቤት አይጠፋም። ልጆቹስ? ለቴሌቪዥንና ለሞባይል ተትተዋል። ማታ ሲመለስ ተኝተው ያገኛቸዋል። «ልጆቼን በዲን እያሳደግኩ ነው» የሚለውም ይኸው አባት ነው!

«ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ በከተማችሁ ያለውን አሳዩዋቸው» ሲባል ሦስት ምክንያቶች ይደረደራሉ።

አንደኛው «ሽርሽርና ትርኢት የሙስሊም ወግ አይደለም» የሚል ነው። ይህ ሕግ ከየት መጣ? በዒድ ቀን በመዲና መስጊድ ውስጥ በጋሻና በጦር ይጫወቱ የነበሩት እኮ ሐበሾች ናቸው! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወጣቷን ባለቤታቸውን ዓኢሻን (ረ.ዐ.) ከኋላቸው አቁመው፣ በቃኝ እስክትል ድረስ አሳይተዋታል። ዑመር (ረ.ዐ.) ተጫዋቾቹን ሊያስቆሙ ሲሉም እንዲተዉዋቸው አዘዋል። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። የአላህ መልእክተኛ ቆመው ለማሳየት ጊዜ ካላጡ፣ ከእሳቸው የበለጠ ሥራ የበዛብን እኛ ማን ነን?

ሁለተኛው «ገንዘብ የለም» ነው። ኑሮ መወደዱን ማን ይክዳል? ነገር ግን የአንድ ከሰዓት ጫት ስንት እንደሚወጣበት፣ ለቤተሰቡ የታክሲ ደርሶ መልስ ደግሞ ስንት እንደሆነ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የመግቢያ አይጠይቅም። ከልጅ ጋር በእግር መሄድም ክፍያ የለውም። የአምስት ዓመት ልጅ የሚፈልገው ውድ ነገር አይደለም፤ «አባዬ፣ ይሄ ምንድነው?» ሲል የሚመልስለት አባት ነው።

ሦስተኛው «ውጭው ፈሳድ ነው» የሚል ነው። እውነት አለበት። የቢራ ድንኳን የተተከለበትና ዘፈን የሚያደነቁርበት ባዛር ልጅ የሚወሰድበት ቦታ አይደለም። ግን መርጦ መውሰድ የማን ሥራ ነው? ደግሞስ በመንገድ ላይ የፈራነው ፈሳድ በሞባይሉ በኩል ሳሎናችን ገብቶ የለም እንዴ? እዚያ እኮ «ይህን አትይ» የሚል አባት አጠገቡ የለም። በመንገድ ላይ ግን እጁን ይዘነዋል።

ወላጆች ሆይ! ጉዳዩ የመዝናናት ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አባቶቻችንና እናቶቻችን ክርስቲያን ወገኖቻቸውም ተቀላቅለዋቸው አዲስ አበባን ያጥለቀለቁት ለምን ነበር? «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ይብቃን፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ነን፣ በዓሎቻችንም ይከበሩ ብለው ነው። ዛሬ ዒድ የሕዝብ በዓል የሆነው በእነሱ እግር ነው። ታዲያ ከቤት፣ ከትምህርት ቤትና ከመድረሳ በቀር ከተማውን የማያውቅ ልጅ በገዛ አገሩ እንግዳ ሆኖ አያድግምን? መንግሥት የተወውን ያን ስም እኛው በልጆቻችን ላይ መልሰን እንጽፈው?

ስለዚህ በመጪው እሑድ ዙህርን ሰግዳችሁ ውጡ። ውሃና ቆሎ ያዙ፤ ትንንሾቹ ቶሎ ስለሚደክሙ አንድ ቦታ ይበቃል። ወደ መርካቶ ከሆነ መንገዳችሁ ዐስርን በአንዋር መስጊድ ስገዱ፤ ልጁ ዙሪያውን ይይ፣ ይጠይቅ። ከመግሪብ በፊትም ወደ ቤት፤ ሲመሽ ልጆችን ሰብስቡ የሚለው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምክር ነውና። ዒድ ሲደርስ ደግሞ ወደ ስታዲየም በማለዳ በእግር ውሰዷቸው፤ ተክቢራውን ከሕዝቡ ጋር ይበሉ፤ በአንድ መንገድ ሄዳችሁ በሌላው ተመለሱ፤ ይህም ሱና ነው። እናትንና ሴት ልጆችን ለድስቱ ትታችሁ አትሂዱ፤ መልእክተኛው ልጃገረዶች ሳይቀሩ ለዒድ እንዲወጡ አዘዋልና።

ሁላችንም እረኞች ነን፤ በአደራችን ስላሉትም እንጠየቃለን። ያን ቀን ቴሌቪዥኑ አይመልስልንም፤ የበርጫ ጓደኞቻችንም አይመልሱልንም። ልጅነት ደግሞ እንደ ሰላት ቀዷ የለውም፤ ካለፈ አለፈ።

አላህ ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን።