ድሮኑ ያየውን ሕግ ካልያዘው
የቫኪታ መጥፋትና የሜክሲኮ መንግሥት ኃላፊነት

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 2017 ሌሊት፣ በሜክሲኮ የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሲ ሼፐርድ የተባለው የባሕር ጥበቃ ድርጅት በጨለማ የሚያይ ድሮን አሰማርቶ ሕገወጥ አጥማጆችን ይከታተል ነበር። በጀልባዎቹ ላይ የነበሩት ሰዎች ድሮኑን ተኩሰው ጣሉት። አጥማጆቹ መታየታቸውን እንደ አደጋ ቆጥረውታል ማለት ነው። በጊዜ ሂደት የታየው ግን መታየት ብቻውን ያን ያህል እንደማያስፈራ ነው።

በዚያ ባሕር ቫኪታ የምትባል፣ ርዝመቷ 1.5 ሜትር ያህል የሆነ፣ በሌላ በየትኛውም ባሕር የማትገኝ የዶልፊን ዘመድ ትኖራለች። አጥማጆቹ እርሷን አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት ቶቶአባ የተባለውን ዓሣ፣ ከእርሱም በቻይና ገበያ እጅግ ውድ የሆነውን የአየር ከረጢቱን ነው። ለቶቶአባ የተዘረጋው መረብ ቫኪታንም ይይዛል፤ አየር የምትተነፍስ እንስሳ በመሆኗም ውኃ ውስጥ ታፍና ትሞታለች። በ2015 ቁጥራቸው 60 ገደማ ይገመት ነበር። በ2024 በተደረገው ቅኝት የታዩት ከ6 እስከ 8 ብቻ ናቸው።

ድሮኖችን የሚቃወሙ ወገኖች «የውጭ ዜጎች የአገርን ሉዓላዊነት ደፈሩ» ይላሉ። ክርክሩ ውኃ አያነሣም፤ መርከቦቹ የሠሩት ከሜክሲኮ ባለሥልጣናት ጋር ተስማምተው ነው። የአጥማጆቹ ቅሬታ ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ዓይነ ርግብ መረቡ ሲከለከል የተከፈለው ካሣ በአብዛኛው ለፈቃድ ባለቤቶች እንጂ በጀልባ ላይ ለሚደክመው ሠራተኛ አልደረሰም። በ2020 የመጨረሻ ቀን የአጥማጆች ጀልባ ከድርጅቱ መርከብ ጋር ተጋጭቶ አንድ አጥማጅ ሕይወቱ አልፏል። መንግሥት ሊሠራው የሚገባውን የጥበቃ ሥራ ለበጎ ፈቃደኞችና ለተራቡ አጥማጆች ግጭት ሲተወው የሚከተለው ይኸው ነው።

መንግሥት በ2021 ያደረገው ደግሞ ይብሳል። አንድም ጀልባ እንዳይገባበት በተከለለው ቦታ ላይ፣ የቁጥጥሩን መጠን በገቡት ጀልባዎች ብዛት የሚወስን ሠንጠረዥ አወጣ። እንስሳቱ በጣት በሚቆጠሩበት ቦታ ሕጉ ጀልባ እስኪበዛ ይጠብቃል! ከእንዲህ ዓይነቱ ሠንጠረዥ በላይ የሚያንዣብብ ድሮን ምን ያህል ጥሩ ምስል ቢያመጣ ለማን ይሰጠዋል?

በ2022 የባሕር ኃይሉ መረብ የሚይዝ ብረት የተተከለባቸውን 193 የሲሚንቶ ብሎኮች በዚያው ቦታ ወለል ላይ አሰጠመ፤ በክልሉ ውስጥ የሚዘረጋው መረብም በግልጽ ቀነሰ። ድሮንና ራዳር ጀልባውን ያገኛሉ፣ ብሎኩ ግን መረብ ለመጣል የተዘጋጀውን አጥማጅ ገና ሳይጥል ያስከስረዋል። በዚያ ዓመት ብሎኮቹ የተተከሉት ግን በአንድ ክልል ብቻ ነበር።

ስለዚህ የድሮኑ ምስል ከማኅበራዊ ገጽ ይልቅ በቅድሚያ ወደ ዐቃቤ ሕግ መድረስ አለበት። የ2021ዱ ሠንጠረዥ ይሰረዝ፤ ጀልባዎች ወደ ባሕር ሲወጡም ሲመለሱም በሳን ፌሊፔ ወደብ ይፈተሹ፤ የካሣው ገንዘብ ለሠራተኛው በስሙ ይከፈል። የንግዱ መንገድም በሜክሲኮ ብቻ አያልፍም፤ በ2013 በካሊፎርኒያ ግዛት ካሌክሲኮ ከተማ ከአንድ ቤት ውስጥ ከ200 በላይ የቶቶአባ ከረጢቶች ተይዘዋል። በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎች ለምክር ቤት ተወካዮቻቸው ሲጽፉ ሊጠይቁ የሚገባው፣ በዚያ ድንበር ያለው ፍተሻ ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደተጠናከረ ነው።