የዓሣ መራቢያ ቦታዎችን መከለል፦ ጥቅሙ ለማን ነው?

አንድ የውሃ አካል ከማስገር ነፃ ሆኖ ሲከለል በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ «የተከለለው ዓሣ ለአስጋሪው ምን ይፈይዳል?» የሚል ነው። መልሱ የሚገኘው ዓሣው ከተፈለፈለ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ በማወቅ ነው።

በባሕር ኮራል ዐለቶች የሚኖሩ አብዛኞቹ ዓሦች ካደጉ በኋላ ከአካባቢያቸው ብዙም አይርቁም፤ እጮቻቸው ግን ለቀናት ወይም ለሳምንታት በውሃ ፍሰት ተወስደው ሌላ ቦታ ሊሰፍሩ ይችላሉ። በአውስትራሊያ ኬፔል ደሴቶች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናት እንዳመለከተው፣ ከአካባቢው ኮራል ዐለት 28 በመቶ የሚሸፍኑት ክልክል ቦታዎች በ30 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ከሰፈሩት የሁለት ዝርያዎች ጫጩቶች ግማሽ ያህሉን አስገኝተዋል። ከክልሉ ውጭ የሚያሰግረውም ተጠቃሚ ሆኗል ማለት ነው። የእጭ መድረሻ አስቀድሞ በእርግጠኝነት ስለማይታወቅም በአንድ ቦታ ብቻ ከመወሰን ይልቅ የተቀራረቡ በርካታ ክልሎችን ማደራጀት ይመረጣል።

የጣና ሐይቅ ሁኔታ ከዚህ ይለያል። በሌላ ቦታ የማይገኙት የሐይቁ የባርበስ ዝርያዎች በርካቶቹ በክረምትና በመስከረም ወራት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወንዞች ይወጣሉ። መራቢያ ቦታውና ወቅቱ የታወቀ በመሆኑ ጥበቃው ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ አስጋሪውም ይህንኑ ያውቃል። በወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋ መረብ እንቁላል ያልጣለችውን ዓሣ ከነዘሯ ያስቀራል፤ በብርብራ ውሃን መመረዝም ትልቁንም ትንሹንም ይፈጃል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የባርበስ ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱ በጥናት ተመዝግቧል።

እዚህ ላይ አንድ የፍትሕ ጉዳይ አለ። የወንዝ አፍ ሲዘጋ ገቢውን የሚያጣው በዚያ የሚኖረው አስጋሪ ሲሆን፣ ጥቅሙ ግን ለሐይቁ ዙሪያ ነዋሪ ሁሉ ነው። ስለሆነም ክልከላው እንዲከበር ወቅቱና ወሰኑ ከአስጋሪዎች ጋር በምክክር ሊወሰን፣ በተዘጋው ጊዜም አማራጭ የገቢ ምንጭ ሊታሰብ ይገባል።

በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 መሠረት ለንግድ ማስገር ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ፈላጊዎች መረብ ከመግዛታቸው በፊት የተፈቀደውን የመረብ ዓይን ስፋት፣ የተከለሉ ቦታዎችንና የሚዘጉበትን ወራት በአቅራቢያቸው ከሚገኝ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቀው እንዲረዱ ይመከራል።