የገና ጌጥ፣ አሮጌ ጥለትና የተቆጠረ መርፌ

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ከገባ ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ስድስት ሳምንት ያህል አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ከልጆች ጋር ተቀምጦ ለመሥራት ከዚህ የተመቸ ጊዜ አላውቅም። ገበያው በዚህ ሰሞን የሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ ኳስና የወርቅ ቀለም ያለው ሪባን ይዞ ይመጣል፤ ዋጋውን እናንተው ታውቁታላችሁ። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ከቁም ሣጥናችሁ ታች ተጣጥፎ ስለተቀመጠው አሮጌ ነጠላ ነው።

የገና ዛፍ ራሱ ከፈረንጅ የመጣ ልማድ ነው። በእኛ ልጅነት ገና ማለት ቄጠማው፣ ዶሮ ወጡና የሰፈር ጎረምሶች በዱላ ሩር የሚያሳድዱበት ጨዋታ ነበር። ይህን የምለው ዛፉን ለመንቀፍ አይደለም፤ የልጅ ልጆቼ ያለ ዛፍ ገና የመጣ ስለማይመስላቸው እኔም አቆማለሁ። ዛፉ የእንግዳ ከሆነ ግን ጌጡ የቤት ቢሆን ምን ይለዋል?

ነጠላ ሲያረጅ ቀድሞ የሚሳሳው መሃሉ ነው። ጥለቱ ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይቀራል። «የእናቴን ነጠላ በመቀስ?» የምትል አንባቢ እንደማትጠፋ አውቃለሁ። እጃችሁ እምቢ ካለ አትቁረጡ፤ ሰፈራችሁ ያለ ልብስ ሰፊ ቁራጭ ጨርቅ አይነፍጋችሁም። እኔ በበኩሌ የእናቴን ነጠላ ቆርጫለሁ። አሥር ዓመት ማንም ሳያየው ተጣጥፎ ከኖረ በኋላ፣ አሁን አምስት የልጅ ልጆቿ ጥለቱን በእጃቸው ይዘው «ይሄ የማን ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። ያላወቋትን ሴት በስሟ መጥራት የጀመሩት በዚያ ምክንያት ነው።

ጨርቁን ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት፤ ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ ተኩሱት። ቀይ ጥለት አንዳንዴ ቀለም ይለቃል። ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ብታሹት ወዲያው ይታወቃል።

ከሁሉ የሚቀለው ኮከብ ነው። ካርቶን ላይ መዳፍ የሚያህል ኮከብ ሥላችሁ ቁረጡና እሱን እንደ ልክ ተጠቀሙበት። ከዚያ ካነሰ የልጅ ጣት ጥጥ መክተት ያቅተዋል። ጥለቱ ስስ ስለሆነ ከኋላው አቡጀዴ ደርቡለት፤ አለበለዚያ ጠርዙ ይተረተራል፣ ጥጡም ያሳልፋል። ልብስ ሰፊ ቢሆን ውስጡን አውጥቶ ሰፍቶ ይገለብጠው ነበር። ለልጅ ግን መገልበጡ የኮከቡን ጫፍ ያበላሽበታል። መልካሙን ገጽ በሁለቱም በኩል ወደ ውጭ አድርጋችሁ ጠርዙን በወፍራም ክር ዙሪያውን ዘምዝሙት። ስፌቱ ቢንጋደድም ምንም አይደል፤ ቀይ ክር ነጭ ጨርቅ ላይ ራሱ ጌጥ ነው። ሁለት ጣት የምታስገባ ክፍተት ተዉና ጥጡን በእርሳስ ጀርባ ወደ ጫፎቹ ግፉት። ማንጠልጠያውን ክር ሳትረሱ ክፍተቱን ዝጉ። እጁ የለመደ ልጅ ደግሞ ከጋቢ ቁራጭ በግ ይሥራ፤ የጋቢው ለስላሳነት ለበግ የተሠራ ይመስላል።

ለመሙያ ከገበያ የተነደፈ ጥጥ ግዙ። ከአሮጌ ፍራሽና ትራስ የወጣ ጥጥ አቧራው ብዙ ስለሆነ አስም ላለበት ልጅ አይሆንም። ባቄላና ሽምብራም አትሙሉ። ጌጡ በተተረተረ ቀን ፍሬው የሚገኘው የሁለት ዓመቱ ልጅ አፍንጫ ውስጥ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ያብጣል። ይህን ያላየ ነርስ የለም። ገብቶ ከተገኘ በጣትም በወረንጦም አትቆፍሩ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

«ስፌት የሴት ልጅ ነው» የሚሉ አባቶች አሁንም አሉ። ሽሮ ሜዳ ወጥታችሁ ያንን ጥለት የሸመነው ማን እንደሆነ ተመልከቱ። ፈታይዋ ሴት ናት፤ ሸማኔው ግን ወንድ ነው። ግራኝ የሆነ ልጅ ካላችሁም በግራው ይስፋ፤ እጁን አታስቀይሩት።

አሁን ወደ መርፌው። በሥራ ዘመኔ ኦፕራሲዮን ክፍል የገባ ሰው መጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ መቁጠር ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት መርፌው፣ ፋሻው፣ መሣሪያው ሁሉ በሁለት ሰው ጮክ ተብሎ ይቆጠራል። ከመዘጋቱ በፊት እንደገና ይቆጠራል። ቁጥሩ ካልሞላ ይፈለጋል እንጂ «የት ይሄዳል» አይባልም። እኔ ይህንኑ ሥርዓት ወደ ሳሎኔ አምጥቼዋለሁ፤ ልጆቹም ከስፌቱ ይልቅ የወደዱት እሱን ነው። አንድ ልጅ አንድ መርፌ ይይዛል። ስንጀምር «አምስት!» እንላለን፤ ምንጣፉን ሳናጥፍ፣ ማንም ሳይነሳ ደግሞ እንቆጥራለን። አራት ከሆነ መክሰስ የለም፤ ሁላችንም በጉልበታችን እንፈልጋለን። የስድስት ዓመቷ ልጅ ከሁላችንም የበለጠች ጥብቅ ናት።

ክር የሌለው መርፌ ከእጅ እንዳይወጣ። ረጅም ቀይ ክር ያለው መርፌ ቢወድቅም ይታያል፤ ባዶው ግን ምንጣፍ ውስጥ ይሰወራል። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ካላችሁ ለፍለጋ ወደር የለውም። መርፌ ከተሰበረ ሁለቱም ስባሪ መገኘት አለበት። ሥራው ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ጠረጴዛ የሌለው ቤት ነጭ አንሶላ ያንጥፍ።

ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን መርፌም ቁልፍም አይንካ፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው ይያዘው። ሦስትና አራት ዓመት የሆነው ጥጥ ይጠቅጥቅ። አምስትና ስድስት የሆነው ቀዳዳ በተበጀለት ካርቶን ላይ ጫፉ በዶለዶመ ትልቅ መርፌ ይለማመድ። ሰባት ከሞላው በኋላ፣ አጠገቡ ሰው ካለ፣ እውነተኛ መርፌ ይችላል።

ጣት መወጋቱ አይቀርም። አትምጠጡት፤ በሚፈስ ውኃና ሳሙና አጥባችሁ ንጹሕ ጨርቅ ያዙበት። ልጁ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ የሚሰጠውን ክትባት ካልወሰደ ግን ጤና ጣቢያ አሳዩት፤ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያው እዚያ ውስጥ ነው። የመርፌ ስባሪ ሥጋ ውስጥ ከቀረ ቤት ውስጥ አትቆፍሩ። መርፌ የዋጠ ልጅ ካለ ማስታወክም፣ ዳቦና ሙዝ እያጎረሱ «ይወርድለታል» ማለትም አይገባም፤ ምንም ሳትሰጡት ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ፈጥናችሁ ሂዱ።

ለአያቶች ደግሞ ለብቻ የምለው አለኝ። መርፌ ዓይን ይመረምራል። ከአርባ ዓመት በኋላ ክር ማስገባት ማቃቱ የዕድሜ ነው፤ የቅርብ ማያ መነጽር ይፈታዋል። ክሩን በሰያፍ ቆርጣችሁ ከመርፌው ኋላ ነጭ ወረቀት ብትይዙም ይረዳል። መነጽር አድርጋችሁም ጨርቁ ጭጋግ የለበሰ ከመሰላችሁ፣ የመብራት ጨረር ከተበተነባችሁ፣ ሰማያዊውን ክር ከጥቁሩ መለየት ካቃታችሁ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። አንዲት የቡና ጎረቤቴ ዳንቴል መሥራት ካቆመች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ስንጠይቃት «ሰለቸኝ» ትል ነበር። አምና ከእኛ ጋር ለስፌት ስትቀመጥ የልጄ ልጅ «እማማ፣ ክሩን እኮ ከመርፌው ውጪ ነው የሚያስገቡት» አላት። ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። በሳምንቱ ይዣት ሄድኩ፤ የዓይን ሞራ ነበር። በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ዋናው ምክንያት ሞራ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። እሷም ተወግዶላታል። ዘንድሮ የበጎቹን ዓይን የምትጠልፈው እሷ ናት፤ የእኔንም ስፌት ትተቻለች።

ስለዚህ ክሩን ልጁ ያስገባላችሁ፤ ለእሱም ኩራት ነው። ነገር ግን እያስገባላችሁ መሆኑን ለልጆቻችሁ አትደብቁ።

ጌጡ ሲሰቀል ከሻማና ከቡናው ከሰል ይራቅ። ዛፍ ላይ በረዶ ነው ተብሎ የሚበተነው ልቅ ጥጥ በአንድ ክብሪት የሚያያዝ ስለሆነ እኔ ቤት አይገባም። የተቃጠለ እጅ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ይያዝ፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባ።

በዓሉ ሲያልፍ ጌጦቹን አራግፋችሁ ደረቅ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አኑሩ። ናፍታሊን አትጨምሩ፤ ለሕፃን ዓይን ከረሜላ ነው፣ ከተዋጠ ደግሞ መርዝ ነው። የጌጡ ቆርቆሮና የመርፌው ቆርቆሮ መልካቸው አንድ ከሆነ በአንደኛው ላይ ቀይ ክር እሰሩበት፤ ጌጡን ፍለጋ የሚከፍተው ልጅ ነውና።